የቡና ገለፈትና የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደ ባዮቻር፦ በጅማ ቀይ አፈር ላይ ስንት፣ እንዴት፣ የት?

ቀይአፈር_ማና፦
ሰላም ለሁላችሁም። መሬቱ ማና ነው፤ ቀይ አፈር፣ ትንሽ ተዳፋት። የአፈር ምርመራው በውሃ ፒኤች 4.8 ይላል፣ ፎስፈረሱ ላይ "ዝቅተኛ" ተብሎ ተጽፏል። ሩብ ሄክታር በቆሎ፣ ግማሽ ሄክታር ቡና፤ ከቡናው ከፊሉ ዘንድሮ ይጎነደላል። ከጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) መፈልፈያ ገለፈት በነፃ ይገኛል፣ የሚከፈለው ማጓጓዣው ብቻ ነው። ቆረቆንዳም አለ። ሁለቱን ወደ ባዮቻር፣ ማለትም አየር አጥሮት ከስሎ ለአፈር ወደሚሰጥ ከሰል፣ ልለውጣቸው ነው።
በጉድጓድ ላክስለው ወይስ በበርሜል? ለሩብ ሄክታር ስንት ኩንታል ይበቃል? ኖራን ይተካል ወይ? እንዲሁ በትነው የሚሉም አሉ፤ እኔ አላመንኩም።

ሰቃ_በቆሎ፦
አለማመንህ ደግ ነው። ከስሌቱ እንነሳ፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።
ጽሑፎች ላይ የምታየው "በሄክታር 10 ቶን" ማለት በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ማለት ነው። ለሩብ ሄክታር 2,500 ኪሎ። በጉድጓድ ስታከስል ከደረቁ ዕቃ ክብደት የሚተርፍህ ከአምስት አንድ፣ ጎበዝ ከሆንክ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ከ10 ቶን በላይ ደረቅ ዕቃ ማቃጠል ልትገባ ነው።
አሁን በእጅህ ያለውን ቁጠር። ሩብ ሄክታሩ 10 ኩንታል በቆሎ ቢሰጥ፣ ቆረቆንዳው ከእህሉ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ 2 ኩንታል በለው። ከዚያ የሚወጣው ባዮቻር 40 ኪሎ ነው። ከ2,500 ውስጥ አርባ!
ስለዚህ ማሳውን ማልበስ የሚባለውን እርሳው። ያለችህን ሥሩ ወደሚበቅልበት ቦታ ብቻ አስገባት። በቆሎ በ75 በ30 ሳንቲ ሜትር ሲዘራ ሩብ ሄክታር ላይ 11,000 ያህል ጉድጓድ አለ። በየጉድጓዱ አንድ የቡና ሲኒ (70 ሚሊ ሊትር ገደማ) ድብልቅ፣ ግማሹ ባዮቻር ግማሹ ኮምፖስት። ባዮቻሩ ብቻውን ሲደመር 390 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትሩ ከ150 እስከ 200 ግራም ስለሚመዝን፣ ከ60 እስከ 75 ኪሎ መሆኑ ነው። ቆረቆንዳህ ግማሹን ይሸፍናል፣ ቀሪውን ከተጎነደለው ቡና እንጨት ታወጣዋለህ። አገዳውን ግን አትንካው፤ ከብቱም አፈሩም ይፈልገዋል።
አቀማመጡ፦ ጉድጓዱን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ድብልቁ ከታች፣ ሦስት ጣት የሚሆን አፈር በላዩ፣ ከዚያ ዘሩ። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በጎን። ሦስቱን አንድ ላይ የጨመረ ሰው ቡቃያው ሲያርበት ባዮቻሩን ይረግማል፤ ያቃጠለው ግን የማዳበሪያው ጨው ነው።

ገለፈት_ጥቁሩ፦
የሰቃው ወንድማችን ስሌት ልክ ነው። እኔ ጉድጓዱን ልጨምር።
ለ2 ኩንታል ቆረቆንዳ ትልቅ ጉድጓድ አይቆፈርም። ከላይ 1 ሜትር፣ ከታች 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ 270 ሊትር ገደማ ይይዛል። ብዙ ዕቃ ካለ ከላይ 1.5 ሜትር፣ ከታች 80፣ ጥልቀቱ 90 ይሁን፤ ይኼኛው ከ950 ሊትር በላይ ይይዛል። ግን አንዱን ቃጠሎ ለመሙላት ከ5 ኩንታል በላይ ደረቅ እንጨት እንደሚበላ እወቀው። ግድግዳውን በአካፋ ጀርባ ደብድበህ አጥብቀው፤ አፈር የሚረግፍበት ከሆነ የምታወጣው ግማሹ አፈር ነው።
እሳቱ ከላይ ነው የሚለኮሰው። ቀጫጭን እንጨት እንደ ጎጆ ማገር አቆላልፈህ ጉድጓዱ መሃል ትደረድራለህ፣ ጫፉ ላይ ታቀጣጥላለህ። ወለሉ በፍም ሲሸፈን የመጀመሪያውን ረድፍ ትጨምራለህ፤ ውፍረቱ አንድ ስንዝር አይሙላ። ከዚያ ዓይንህ ከፍሙ ላይ አይነሳ። የላይኛው ረድፍ ጫፍ ጫፉ ላይ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ቀጣዩን ጨምር። ምስጢሩ ይኼ ነው፦ ነበልባሉ አየሩን ከላይ እየበላ ከሥር ላለው ፍም አያደርሰውም፣ ከሥር የሚወጣውን ጭስም ያቃጥለዋል። ጭስ ካየህ ወይ አብዝተሃል ወይ ዕቃው እርጥብ ነው፤ አትጨምር፣ ነበልባሉ ይመለስ። ነጩ አመድ ከወፈረ ዘግይተሃል፤ የጠበቅከው ከሰል አመድ እየሆነ ነው።
ወፍራሙ ጉቶ አስቀድሞ ይግባ፣ ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥ ስለሚቆይ። ከእጅ አንጓ የወፈረውን ግን ፍለጠው። ቆረቆንዳ መጨረሻ ላይ ነው። ነፋስ ካለ በነፋሱ በኩል ቆርቆሮ አቁም፤ ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ከተኛ በሌላው ወገን አየር ይገባና አመድ ታፍሳለህ። ትንሹ ጉድጓድ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ትልቁ በሦስት ሰዓት ይሞላል።
ማጥፋቱ ላይ ነው ጣጣው። ለትንሹ ጉድጓድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስድስት እስከ ስምንት ውሃ አጠገብህ ሳይኖር አትለኩስ። ከዳር ጀምረህ አፍስስ፣ በዶማ ገልብጥ፣ ድገም። ውሃ ከሌለ በእርጥብ አፈር አንድ ክንድ ያህል ድፈነውና ሁለት ቀን አትክፈተው። ሲወጣ መሬት ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ ይደር፤ ጠዋት በእጅህ ጀርባ ዳስሰው። ውስጡ ፍም የቀረበትን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ጎተራ ሥር ያስቀመጠ ሰው ጎተራውንም ከረጢቱንም ያጣል።

ቀይአፈር_ማና፦
ጥሩ መክሰሉን በምን አውቃለሁ?

ገለፈት_ጥቁሩ፦
አንዱን ቆረቆንዳ ስበረው። ጥርት ብሎ ቀጭ ይላል፣ ስባሪው ሲንኳኳ የሸክላ ገል ድምፅ አለው፣ መሃሉ እስከ ውስጥ ጥቁር ነው። ቡናማ እንብርት ካለው አልበሰለም፤ ለሚቀጥለው ቃጠሎ ይመለስ። ከዚያ ጥቂቱን በሁለት ጣትህ ፍጭና በውሃ ብቻ ታጠብ። ጥቁረቱ ወዲያው ከለቀቀህ ደህና ነው። እንደ ቅባት ተጣብቆ ሳሙና ካስፈለገህ ሬንጅ አለበት፤ ሬንጅ ያለበት ዘር ያስቸግራል።

በርሜል_በያጅ፦
ገለፈቱን ሁላችሁም ዘለላችሁት እኮ። ሰውዬው በነፃ የሚያገኘው እሱን ነው!
ገለፈት በጉድጓድ አይከስልም። ሲከመር ጥቅጥቅ ስለሚል ነበልባል አያልፍበትም፤ ላዩ ይነዳል፣ ሥሩ ለቀናት ይጨሳል፣ በመጨረሻ የምታገኘው አመድና ያልተነካ ገለፈት ነው። ለእሱ የሚሆነው የጣሳ ዘዴ ነው። ባለ 20 ሊትር የዘይት ቆርቆሮ ውሰድ፤ አንዱን ጫፍ ቆርጠህ ክፈተው፣ በሌላው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ አውጣ። ጎን ጎኑን በሚስማር በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ብሳው። ቀዳዳው ከሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ገለፈቱ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ እሳቱን ያፍነዋል። የተከፈተውን አፍ መሬት ላይ ደፍተህ ሥሩ እሳት አንድድ፤ ቧንቧውን ከላይ ትከልበት፣ ቁመቱ ሜትር ተኩል። ሲግል ደረቁን ገለፈት ዙሪያውን ከምርበት፣ ጣሳው እስኪሸፈንና ቧንቧው ብቻ እስኪታይ።
ከውስጥ ወደ ውጭ እየከሰለ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክምሩ አናት ላይ እንደ ነብር ቆዳ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ያን ጊዜ ከግርጌ ያለውን ቡናማ ገለፈት በአካፋ እየዛቅህ ጥቁሩ ላይ ጨምር። ክምሩ ሁሉ ሊጠቁር ትንሽ ሲቀረው ቧንቧውን ነቅለህ፣ በትነህ፣ ውሃ አርከፍክፍ። "ትንሽ ይቆይ" አይሠራም፤ ገለፈት ወደ አመድ ለመሄድ ይቸኩላል።
ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የቡና ገለፈት ፖታሲየሙ ብዙ ነው፤ ፖታሲየም አመዱን በዝቅተኛ ሙቀት ያቀልጠዋል። እሳቱ ሲበረታ እንደ ብርጭቆ የቀለጠ እንክብል ይሠራና የጣሳውን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ካየህ አየር በዝቷል፤ ገለፈት ከላይ ጨምረህ አፍነው። ሁለተኛ፣ ይህ ዘዴ ይጨሳል፣ አትዋሽ ካላችሁኝ በጣም ይጨሳል። ቡና ከተሰጣበት አልጋ በነፋሱ አቅጣጫ አታድርገው። ቡና ሽታ ይስባል፤ የጭስ ጠረን የገባበት ቡና ቀማሽ ፊት ይወድቃል።

በርሜል_በያጅ፦
ስለ በርሜሉም ረስቼ ነው። 200 ሊትር በርሜል ለቆረቆንዳ ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ሙሌት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ይይዛል፣ 8 ኪሎ ባዮቻር ይሰጣል። ለችግኝ ይበቃል፣ ለማሳ አይበቃም። ወለሉ ላይ 40 ያህል ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 1.5 ሳንቲ ሜትር፤ በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከላይ ይለኮሳል፣ ክዳኑ ላይ ጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ በክዳኑና በበርሜሉ አፍ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት። ቢጫው ነበልባል አልቆ አጭር ሰማያዊ ሲቀር ወደ ታች የሚወርደው እሳት ወለሉ ደርሷል፤ ወዲያው ከድንጋዩ አውርደህ ወለሉን በጭቃ፣ አፉን በክዳንና በጭቃ ድፈን። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል አትንካ፣ ቢታጠብም።

ጥላ_ዛፍ፦
አሰላሙ አለይኩም። ሁሉም ስለማክሰል ያወራል። ገለፈቱን ለምን ታቃጥሉታላችሁ? ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ይበናል። ኮምፖስት ቢሆን ወይም ቡናው ሥር ጉዝጓዝ ቢሆን አይሻልም?

ገለፈት_ጥቁሩ፦
ወዓለይኩም ሰላም። ግማሹ እውነት ነው። ናይትሮጅኑ አብዛኛው ይሄዳል፤ የሚቀረው ካርቦን፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ነው። የእሸት ቡና ልጣጭ ከሆነ ክርክርም የለው፣ ኮምፖስት ይሁን፤ እርጥቡን ማክሰል ማገዶ ማባከን ነው። የጀንፈል ገለፈት ግን በራሱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ደረቅ ነው፣ ጠንካራ ነው። ሁለቱን አዋሕዳቸው፦ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገለፈት፣ ልጣጭ፣ እበትና ቅጠል፣ አንዱ ባዮቻር። ባዮቻሩ ከኮምፖስቱ የሚሸሸውን አሞኒያ ይይዛል፣ ክምሩም አይታፈንም። ጉዝጓዝ ካደረግኸውም ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀው፤ ግንዱን ታቅፎ የሚበሰብስ ገለፈት ቅርፊቱን ያበሰብሳል።

አፈር_መዛኝ፦
ኖራን ይተካል ወይ ለተባለው። በማሳ ደረጃ አይተካም፤ በዘሩ ጉድጓድ ውስጥ ግን ይሠራል። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ።
በ4.8 ፒኤች ላይ ያለ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን ኖራ ይታዘዝለታል። 3 ቶን ብንል ለሩብ ሄክታር 750 ኪሎ ነው። የባዮቻር አሲድ የመግደል ኃይል ከአመዱ ይመጣል፤ የእንጨትና የቆረቆንዳ ባዮቻር ከኖራ ጋር ሲነጻጸር 10 በመቶ ቢሆን ነው፣ የገለፈቱ አመድ ስለሚበዛበት ከዚያ ይበልጣል። 70 ኪሎ ባዮቻር በ10 በመቶ ሲሰላ 7 ኪሎ ኖራ ነው። 7 ኪሎ በ750 ፊት ምንም ማለት ነው።
አሁን ወደ አንዷ ጉድጓድ ግቡ። ግማሽ ሲኒ ባዮቻር 6 ግራም ገደማ ነው፤ የ0.6 ግራም ኖራ ሥራ ይሠራል። 3 ቶኑ ኖራ ለላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ሲከፋፈል በኪሎ አፈር 1.5 ግራም ነው። ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚኖርበት አፈር አንድ ኪሎ ቢሆን፣ ከኖራው መጠን 40 በመቶውን አገኘ ማለት ነው። የአሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ሥርን የሚያደነዝዘው በተለይ በዚያ ዕድሜ ነው። ኖራ ካገኘህ በዋናው መሬት ላይ ተጠቀም፣ ባዮቻሩን በጉድጓዱ፤ አይጣሉም።
ለፎስፈረሱም እንዲሁ ነው። በእኛ ኒቲሶል በሚባለው ቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም የኤንፒኤሱን ፎስፈረስ ወዲያው ያስሩታል። በጉድጓዱ ውስጥ ፒኤች ከፍ ሲል እስራቱ ይላላል እንጂ ባዮቻሩ ራሱ ብዙ ፎስፈረስ የለውም። የገለፈቱ ሀብት ፖታሲየም ነው። ፎስፈረስ የሚፈልግ ሰው ወደ አጥንት ይሂድ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር የእርድ አጥንትን አክስሎ ማዳበሪያ የማድረግ ሥራ ሠርቷል። የከሰለ አጥንት ካልሲየም ፎስፌት ነው፣ በአሲዳማ አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል። ገለልተኛ ወደሆነ ጥቁር መረሬ ከወሰድከው ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።
የሙቀቱን ጉዳይ ለሚጠይቅ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የጅማ ኒቲሶል ጥናት የቡና ገለፈትና የበቆሎ ቆረቆንዳን በ350 እና በ500 ዲግሪ አክስሎ ነው ያነጻጸረው፣ መጠኑም በሄክታር እስከ 15 ቶን ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር የሚተርፈው ያንሳል፣ አመዱና ፒኤቹ ከፍ ይላል። የጉድጓድ እሳት ከ500 በላይ ስለሚሄድ የምታገኘው ባዮቻር አልካላይ መሆኑን ቀድመህ ተቀበል። እንዲህ ያለ መጠን እንደማይደረስበት ሰቃ_በቆሎ በ10 ቶኑ ስሌት አስቀድሞ አሳይቷል።
አንድ ነገር ደግሞ። "ውሃ ይይዛል" የሚለው ወሬ በአሸዋማ አፈር ላይ እውነት ነው። የእኛ ቀይ አፈር ሸክላ የበዛበት ስለሆነ በራሱ ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የምትደክም ከሆነ ድካምህን ቆጥብ።

ሰቃ_በቆሎ፦
የመጨረሻው አንቀጽ በየቀበሌው ቢነበብ ጥሩ ነበር።

ቀይአፈር_ማና፦
"ጥሬውን አትጨምር" የሚሉት ምን ማለት ነው? ከኮምፖስት ጋር መደባለቁ አይበቃም?

ገለፈት_ጥቁሩ፦
በዘር ቀን ከደባለቅኸው አይበቃም። ጥሬ ባዮቻር የተራበ ነው፤ አፈር ውስጥ ያለችውን ናይትሮጅን ራሱ ላይ ይይዛትና በቆሎው ለሳምንታት ቢጫ ይሆናል። አስቀድሞ ማጥገብ አለብህ። አንዳንዱ ቻርጅ ማድረግ ይለዋል።
መጠኑ እንዲህ ነው፦ 100 ሊትር ባዮቻር፣ 100 ሊትር የበሰለ ኮምፖስት ወይም የተብላላ ፍግ፣ 20 ሊትር የከብት ሽንት በ20 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፣ ሁለት አካፋ ከራሱ ከማሳው የወጣ ቀይ አፈር። ባዮቻሩ መጀመሪያ እርጥብ ሳለ በከረጢት ሆኖ በእንጨት ይወቀጥ፤ የበቆሎ ፍሬ ካከለ ይበቃል። ደረቁን አትውቀጥ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን።
ጥላ ሥር ከምረህ በኮባ ቅጠል ሸፍን። በየሳምንቱ ገልብጥ። ጭብጥ አድርገህ ስትጨምቀው ቅርጹን ይዞ ይቅር፣ ውሃ ግን አይንጠብ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል።

በርሜል_በያጅ፦
ሽንት ሲፈስበት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው "ጠነከረ፣ ጥሩ ነው" ይላል።

አፈር_መዛኝ፦
ጥሩ አይደለም፤ የምትሸተው ገንዘብህን ነው። ባዮቻሩ አልካላይ ስለሆነ የሽንቱን አሞኒየም ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፣ አሞኒያ ደግሞ ይበናል። መድኃኒቱ ሦስት ነው፦ ባዮቻሩን ሲጠፋ በብዛት በፈሰሰ ውሃ ማጠብ፤ ቀዩን አፈር አለመዝለል፣ ኮምጣጣነቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሽንቱን በአንድ ቀን ሳይሆን በሦስት ጊዜ መጨመር። በዚሁ ምክንያት ዩሪያን ከትኩስ ባዮቻር ወይም ከአመድ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሉ።

ጎማ_ችግኝ፦
ስለ ቡና ስትናገሩ ቀስ በሉ። በቆሎ ፒኤች ከፍ ሲል ደስ ይለዋል፤ ቡና ግን ትንሽ አሲድ ይወዳል፣ ከ5 እስከ 6 ባለው ነው የሚመቸው። ችግኝ ጣቢያ ላይ በገለፈት ባዮቻር የተበላሸ ችግኝ የሚበዛው ለዚህ ነው፦ ፕላስቲኩ ጠባብ ነው፣ ጨውና አልካላይ መሄጃ የላቸውም።
ለችግኝ ፕላስቲክ፦ የጫካ የላይኛ አፈር 6 እጅ፣ የተነፋ ኮምፖስት 3 እጅ፣ የጠገበ የእንጨት ወይም የቆረቆንዳ ባዮቻር 1 እጅ። የገለፈት ባዮቻር ከሆነ ግማሽ እጅ ብቻ፣ እሱም ሁለት ሦስት ጊዜ በውሃ ከታጠበ በኋላ። ባዮቻሩ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ፤ ትልልቁ ለማሳ ይሂድ።
ፕላስቲክ ከመሙላታችሁ በፊት ፌጦ ዝሩበት። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል፣ ለጨውና ለሬንጅም ስስ ነው፤ ለዚህ ሙከራ ከእሱ የተሻለ ዘር የለም። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፦ በአንዱ አፈርና ኮምፖስት ብቻ፣ በሌላው ያው ከባዮቻር ጋር። በየሳህኑ 50 ፍሬ፣ እኩል ውሃ፣ ጥላ። በአምስተኛው ቀን ቁጠሩ። ባዮቻር ያለበት ከሌላኛው በአምስት ፍሬ ቢያንስ ምንም አይደለም። በአሥርና በአሥራ አምስት ካነሰ ባዮቻሩን በእጥፍ ውሃ እጠቡና ሙከራውን ድገሙ። ታጥቦም ያው ከሆነ ሬንጅ ነው፤ ወደ ኮምፖስት ክምር ይመለስ፣ ወር ሁለት ወር ይሰንብት።
ችግኙ ላይ ምልክቱ ይለያያል። የቅጠሉ ጠርዝ ከደረቀ ጨው ነው፤ ውሃ አብዝታችሁ አሳልፉበት። አሮጌው የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ የናይትሮጅን ረሃብ ነው፤ ባዮቻሩ አልጠገበም ነበር። አዲሱ ጫፍ ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ፒኤቹ ወጥቶ ብረት አጥቷል፤ ይኼኛው በዩሪያ አይድንም። በዩሪያ ለማከም የሚሞክር ስለሚበዛ ነው የምደጋግመው።

ቀይአፈር_ማና፦
እህቴ፣ ለማሳው ቡናስ? የተተከለውና አዲስ የሚተከለው ይለያያል?

ጎማ_ችግኝ፦
ይለያያል። ለአዲሱ፦ 60 በ60 በ60 የተቆፈረ ጉድጓድ ሲሞላ፣ ከላይኛው ጥቁር አፈር ጋር 4 ሊትር የጠገበ ድብልቅ። 2 በ2 ሜትር ከተከልህ ግማሽ ሄክታር ላይ 1,250 ጉድጓድ ነው፣ 5,000 ሊትር ድብልቅ ማለት ነው። ያን ያህል ከሌለህ ሁሉንም ከማሳሳት ግማሹን በደንብ አድርግ፣ ግማሹ ኮምፖስት ብቻ ይሁን።
ለቆመው ቡና አትቆፍር። መጋቢው ሥር ላዩ ላይ ነው፣ ዶማ ከገባ ያዳከምኸው አንተ ነህ። ቅርንጫፉ ጫፍ በሚያጠላበት ዙሪያ አራት ቦታ በእንጨት ወግተህ አንድ አንድ ሊትር አስገባ፣ በጉዝጓዝ ሸፍን። ለተጎነደለው ደግሞ ምቹ ጊዜው አሁን ነው፤ አዲሱ ቡቃያ ሲመጣ አዲስ ሥርም ያወጣል።

ዴዶ_ገብስ፦
ደጋ ለምንኖረውስ? ገብስ ይበተናል፣ ጉድጓድ የለው። ባቄላ አለ፣ ድንች አለ።

ሰቃ_በቆሎ፦
ለገብስ አትድከም። ከድንቹ ጀምር፦ በቦዩ ውስጥ በአንድ ሜትር አንድ ሊትር ድብልቅ፣ ድንቹ በላዩ። በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ እዚያው ላይ ሲዘራ ያገኘዋል፤ ባዮቻር እንደ ኮምፖስት በዓመት አያልቅም። ባቄላ አሲድ አይወድም፣ ስለዚህ በመስመር ከዘራኸው ከገብሱ ይልቅ እሱ ያመሰግንሃል።

ጥላ_ዛፍ፦
ከተማ ከሰል ከሚሸጡት ዘንድ ድቃቂው በርካሽ ይገኛል። ያ አይሆንም?

ገለፈት_ጥቁሩ፦
ይሆናል፣ ግን ንፉው፤ ሲሶው አፈር ሊሆን ይችላል። በአፈር ተዳፍኖ የከሰለ ስለሆነ ሬንጅ አይጠፋውም፤ የጣት ፈተናውንም ፌጦውንም አታልፍ። ቀለም ወይም ሚስማር ያለበት የግንባታ እንጨት የከሰለበትን አትቀበል። ደግሞ አደራ፣ ለባዮቻር ተብሎ ከደን ዛፍ አይቆረጥ። ድቃቂው የማንም አይደለም፣ የደኑ ጥላ ግን የቡናው ነው።

ቀይአፈር_ማና፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜውን እንዲህ አሰብኩ፦ ቆረቆንዳና ጉቶ በታኅሣሥና በጥር ይደርቃል፣ በየካቲት መጀመሪያ ይከስላል፣ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይጠግባል፣ ለበቆሎው በሚያዝያ። የቡናው ለሰኔ።

አፈር_መዛኝ፦
ልክ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ሁሉም መስመር ላይ አታድርግ። አራት መስመር ባዮቻርና ኮምፖስት፣ አራት መስመር ያው ኮምፖስት ብቻ፣ ኤንፒኤስና ዩሪያው ለሁሉም እኩል፤ ይህን ተዳፋቱን ተከትለህ በሦስት ቦታ ድገም። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከታች ይሁን፤ የታችኛው ሁልጊዜ የተሻለ አፈር አለውና ብቻውን ያሳስትሃል። የየመስመሩን ዳር እንጨት ተክለህ ምልክት እሰርበት። ስትሰበስብ ከዳር ያሉትን መስመሮች ተውና መሃል ያሉትን ሁለቱን ብቻ መዝን።

ቀይአፈር_ማና፦
እሺ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ትንሹ ልክ ነው፤ አንዱን ቃጠሎ ለሙከራ በዚህ ቅዳሜ ላድርግ ብዬ ነበር። ቆረቆንዳው ግን ገና ከተፈለፈለ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ሲሰበር ይታጠፋል።

ገለፈት_ጥቁሩ፦
አትለኩስ። ቆርቆሮ ላይ አስጣው፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ሰብስብ። ሲሰበር ቀጭ ካለ በኋላ ተመለስ።